ማነው የማይባልበት በር

ድሮ የሰማሁት ነገር ነው፤ ግማሹ ጠፍቶኛል። የልብስ ስፌት መኪናዬን ይዤ ድሬ ላይ፣ ከዚራ ጫፍ፣ እንደ እናት «አዴ» የምንላት የፋዱማ ቤት በረንዳ ላይ ያለችውን ጠባብ ክፍል ከተከራየሁ ገና ወር አልሞላኝም ነበር። ባለቤቷ ዐብዲሰላም፣ አላህ ይዘንለትና፣ ያኔ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ ከሥራ ገብቶ፣ ገላውን ታጥቦ፣ ሽርጡን በአንድ እጁ እንደያዘ ሳሎኑ መሀል ቆሟል። ጎረቤታችን ሁዶ ደግሞ እንደ ልማዷ የበሩን ገመድ ስባ ገብታለች። እኔ የማየው ነገር የለም፤ ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ ድምፅ ብቻ ይመጣል። «አንቺ ሴትዮ፣ ለአላህ ብለሽ አንኳኪ! ሰው እኮ ልብስ ይቀይራል!» አላት። ሁዶ መለሰችለት። ምን ብላ እንደመለሰች ግን አልሰማሁም፤ የአንድ ችኩል ደንበኛ ሱሪ እጄ ላይ ነበርና በዚያችው ቅጽበት መኪናውን ረገጥኩት። መኪናው ሲቆም የደረሰኝ የዐብዲሰላም ሳቅ ብቻ ነው፤ ሳል እስኪይዘው ድረስ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ስለማንኳኳት ያነሳ የለም። እኔም መልሷን ሳላውቅ ሃያ ሰባት ዓመት ኖርኩ። መጠየቅ አፈርኩ፤ ሰው በግድግዳ በኩል የሰማውን ነገር ምን ብሎ ይጠይቃል?

ገመዱን ለማያውቅ ሰው ልንገር። የአዴ ፋዱማ በር እንደ ሰፈሩ ጥንታዊ ቤቶች ሁሉ ወፍራም ጣውላ ነበር። ከውስጥ የእንጨት መቀርቀሪያ አለው፤ መቀርቀሪያው ላይ ገመድ ታስሯል፤ ገመዱ በሩ ላይ በተበሳች አውራ ጣት በምታስገባ ቀዳዳ ወደ ውጭ ይወጣል። ከውጭ ሲሳብ መቀርቀሪያው ይነሳና በሩ ይከፈታል። ቀን በሩ የሚዘጋው ለሌባ ሳይሆን ለፍየል ነው፤ የሰፈራችን ፍየሎች የሰው ሳሎን ገብተው ምንጣፍ ላይ መተኛት ይወዳሉ። ማታ ከኢሻ ሶላት በኋላ ገመዱ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ተኝተናል ማለት ነው። ከሱብሂ በኋላ ይወጣል፤ በሕይወት አለን ማለት ነው። ገመዱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሆኖም ሌላው ሰው ያንኳኳል፣ ከውስጥ «ማነው?» ይባላል፣ ስሙን ይናገራል። ሳታንኳኳ የምትገባው ሁዶ ብቻ ነበረች። ሁዶ ሳምቡሳ ጠብሳ ትሸጣለች፤ ከአስር ሶላት በኋላ ምድጃዋን በረንዳዋ ላይ ታወጣለች። እሳቱ ላይ እያለች ሽንኩርት ያልቅባታል፣ ሽንኩርቱን ስትወስድ ቢላዋ ትረሳለች፣ ቢላዋውን ስትመልስ ወሬ ትጀምራለች። ሰላሳ አምስት ዓመት ሙሉ በዘይት እጇ ስትገባ ስትወጣ በቀዳዳው ዙሪያ ያለው እንጨት እንደ ቴምር ጠቁሮ ያበራ ነበር።

ባለፈው ሰሞን፣ ረቡዕ ሊመሽ ሲል ወተት የምታመጣልን ፋርቱን ሁለት እጇ በጀሪካን ተይዞ ስለነበር በሩን በዳሌዋ ገፋ አደረገችው። በሩም ተከፈተ፤ ተከፍቶ ግን አልቆመም። የላይኛው ማጠፊያ ከነምስማሩ፣ ከነእንጨቱ ተነቅሎ መዝጊያው ሳሎኑ መሀል ተኛ፤ ፋርቱን ከበሩ ላይ፣ ወተቱ ከፋርቱን ላይ። አልሀምዱሊላህ፣ የተጎዳ የለም። «ወላሂ አልገፋሁትም፣ ተደግፌው ነው» ትላለች ፋርቱን፣ ወተት ከቅንድቧ እየተንጠባጠበ። መዝጊያውን አንስተን ብናየው ውስጡ ባዶ ነው። ምስጥ ጣውላውን በልቶ ቀለሙን ብቻ ትቶልናል። ለስንት ዓመት ስንዘጋና ስንከፍት የኖርነው ለካ ቀለም ነው።

የአዴ ፋዱማ አንድያ ልጅ ሉቅማን ሳቢያን ሰፈር ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይኖራል፤ ታይዋን ገበያ ውስጥ ሞባይል ይሸጣል። ተደውሎለት መጣና ያንን ሌሊት በር በሌለው በር ላይ ፍራሽ አንጥፎ አደረ። ሐሙስ ጠዋት ወጥቼ ሳየው ትንኝ ግንባሩን አሳብጦታል፤ አንድ ፍየል ደግሞ እግሩ ሥር ተኝታለች። ሻዩን እያማሰለ «ኡሚ፣ ዛሬ የፕላስቲክ በር ገዝቼ አስገጥማለሁ። ሦስት ቁልፍ አለው። ምስጥ አይበላውም፣ አለቀ» አላት። እናቱ የወተት ሽታ ያልለቀቀውን ምንጣፍ እያጠፈች «እኔ እንጨት ነው የማስገባው» አለች። «እንጨቱን ምስጥ በላው እኮ!» «በልቶ ለመጨረስ ሰላሳ አምስት ዓመት ፈጅቶበታል። እኔ ሌላ ሰላሳ አምስት አልኖርም፣ ይበቃኛል።» ሉቅማን ሻዩን ማማሰል ቀጠለ። እሷም ምንጣፉን ማጠፍ ቀጠለች። በእናትና በልጅ መካከል ያለ ዝምታ እንደ ከተማችን የቀትር ሙቀት ነው፤ መሀሉ የቆመ ሰው ነው የሚያልበው። መሀሉ የቆምኩት እኔ ነኝ። ቀጥሎም ሻዩን አስቀምጦ ቀስ ብሎ ተናገረ፤ «ጥሩ፣ እንጨት ይሁን። ግን በሩ ተሠርቶ እስኪያልቅ ሳቢያን እኛ ጋ ትከርሚያለሽ።» አዴ ፋዱማ ምንጣፉን ማጠፍ አቆመች።

እዚህ ላይ አንድ ምስጢር አለ፤ ሉቅማን አሁን ስላወቀው ብናገር ነውር የለውም። የዛሬ ሁለት ዓመት እሱ ዕቃ ሊያመጣ ጅጅጋ ሄዶ ሳለ አዴ ፋዱማ ስኳሯ ወርዶ የጓዳው ደፍ ላይ ወደቀች። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ነበርኩ፤ መኪናዬ እየሮጠ ምንም አልሰማሁም። ይህን ሳስብ ዛሬም አስተግፊሩላህ እላለሁ። ሁዶ ሽንኩርት ፍለጋ ገመዱን ስባ ገባች፤ ወድቃ አገኘቻት። ስኳር በዘይት ጣቷ ከንፈሯ ላይ እየቀባች ስሜን በጩኸት ጠራችኝ። አዴ ፋዱማ ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያለችው «ለሉቅማን እንዳትነግሩ» ነው። ቢሰማ ይወስዳታል። የሳቢያኑ ቤት ጥሩ ቤት ነው፣ የልጇ ሚስትም ደግ ናት፤ ግን የሰው ቤት ደግነት ውስጥ ተቀምጦ ማርጀት ሌላ ነገር ነው። እንጨት በር የፈለገችው ለምን እንደሆነ ያን ዕለት ጠዋት በጆሮዬ ነገረችኝ፤ «እንጨት ይበሳል ጦልሃዬ። ገመድ ይገባበታል።» ቀዳዳውን ለምን እንደፈለገች ለልጇ ብትነግረው መውደቋን መናገሯ ነው፤ ስለዚህ ዝም። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁዶ በሌላ ጆሮዬ መጣች፤ «አንተ ጦልሃ፣ ፋዱማ ፕላስቲኩን እንድትገዛ አግዘኝ። በሩ ካልጠነከረ ልጁ ልቡ አያርፍም፣ ይወስዳታል። እኔ አንኳኩቼም ቢሆን እገባለሁ። ብቻ እዚህ ትኑርልኝ።» ሁለቱም አንዷ ለሌላዋ እንዳልነግር ቃል አስገቡኝ። በር ልንመርጥ በያዝነው ባጃጅ ውስጥ መሀላቸው ስቀመጥ በግራ ጆሮዬ እንጨት፣ በቀኝ ጆሮዬ ፕላስቲክ ይዤ ነበር።

ከመውጣታችን በፊት የበሩን ቦታ እንድለካ አዘዙኝ፤ ሜትር ያለው ሰፊው ነው ተብሎ። ወርዱንም ቁመቱንም በልብስ ሜትሬ ለክቼ በጠመኔ ጨርቅ ላይ ጻፍኩ።

አናጺው ሸረፈዲን ከደቻቱ ድልድይ ማዶ ነው የሚሠራው። በግቢው የእንጨት ፍቅፋቂ ቁርጭምጭሚት ድረስ ሞልቷል፤ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቷል፤ አዴ ፋዱማን ሲያይ ከወንበሩ ላይ ድመት አባርሮ አስቀመጣት። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አይሠራም፤ ሰባ ዓመት የሞላትን ሴት እንደ እህቱ ነው የሚያነጋግራት። «ዋንዛ ነው የማስገባልሽ፣ ፋዱማ። የልጅ ልጅሽ በዚያ በር ሙሽራ ሆና ትወጣለች።» ዋጋውን አርባ አምስት ሺህ አለ፤ እኛ ዝም ስንል አርባ ሁለት አለ፤ ዝም ማለት እዚያ ግቢ ጥሩ ያወርዳል። «መቼ ይደርሳል?» አለችው። «ሁለት ሳምንት፣ ኢንሻአላህ።» አዴ ፋዱማ ነጠላዋን አስተካከለች። «ሸረፈዲን፣ ለቁም ሣጥኑም ሁለት ሳምንት ነበር ያልከኝ። ዐብዲሰላም ሳያየው ሞተ።» ሸረፈዲን እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ መልሶ ሰካው። «ምን ላድርግ? ጠዋት እሠራለሁ። ከቀትር በኋላ በርጫ ነው፣ ሰው በጫት ሰዓት መዶሻ አያነሳም። ማታ ደግሞ መብራት ይጠፋል። የቀረውን አንቺው አስቢው።» አላህን አመሰገንኩ፤ ቢያንስ አልዋሸም።

እኔና አዴ ፋዱማ ጣውላ ስናገላብጥ ሁዶ ግቢውን ስትዞር ነበር። ድንገት ከወዲያ ጥግ ድምጿ መጣ። «ዋርያ ሸረፈዲን! ይሄ በር ምንድን ነው?» ከአናጺው ከራሱ ቤት ላይ የተገጠመ ነጭ የፕላስቲክ በር ነው። «እሱ የሽንት ቤት ነው» አላት። «ከሽንት ቤቱ ቀጥሎ ያለውስ?» «እሱ ጓዳ ነው።» «አንተ የምትተኛበትስ?» ሸረፈዲን ወደ እኔ ዞሮ እንደ ወንድ ለወንድ አየኝ። «እሱ የሚስቴ ሐሳብ ነው» አለ። ሁዶ ወገቧን ይዛ ሳቀች። አዴ ፋዱማ ግን አልሳቀችም፤ አናጺውን ወደ ጥግ ጠርታ በለሆሳስ ጠየቀችው። የሰማሁት መልሱን ነው፣ ድምፁን ዝቅ ማድረግ አያውቅበትም። «ቀዳዳ? አስር ቀዳዳ አወጣልሻለሁ! ሁለት ሳምንቱን ግን ጠብቂኝ።» አዴ ፋዱማ ድልድዩን አሻግራ አየች። ሁለት ሳምንት ሳቢያን የሄደች እናት ምን እንደምትሆን እሷም ታውቃለች፤ መጀመሪያ ነጠላዋ ይሄዳል፣ ቀጥሎ መስገጃዋ፣ በወሩ አልጋዋ። «ሸረፈዲን፣ አላህ ይስጥህ» ብላ ተነሳች። ባጃጁ ውስጥ እስከ ታይዋን የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ስትጠቀልል ሄደች፤ ሁዶም ፕላስቲኩ አሸንፎላት ሳለ ደስ አላላትም።

ታይዋን ላይ ሉቅማን ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብሎ ጠበቀን። የበሩ ሱቅ በልብስና በቻርጀር ሱቆች መሀል ነው፤ በሮቹ ግድግዳው ላይ ተደግፈው ወደ የትም ሳያስገቡ ቆመዋል። የምትሸጠው ቢላን የምትባል ምላሷ ፈጣን ልጅ ናት፤ በሩን በጥፍሯ ኳ ኳ እያደረገች «ውሃ አይነካው፣ ፀሐይ አያጣምመው፣ ምስጥ ቢመጣ ጥርሱን ሰብሮ ይሄዳል» አለችን። ነጭ አለ፣ ግራጫ አለ፤ አንዱ ደግሞ ቡናማ ሆኖ የእንጨት መስመርና ዓይን ተስሎበታል። አዴ ፋዱማ የተሳለውን የእንጨት ዓይን በጣቷ ነካችው። «እንጨት መምሰል ከፈለገ ምነው እንጨት አልሆነ?» «ኤዶ፣ ይሄ ከእንጨት ያምራል!» አለች ቢላን፣ እንደ አክስቷ ጠርታት። «እንጨት እንዳይሰማሽ» አለቻት። ሉቅማን ከሃያ ሺህ ጀምሮ ሲከራከር፣ ሚስቱንም ልጆቹንም ሲያነሳ፣ ሱቁም ጎረቤት መሆኑን ሲያስታውስ አሥራ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ላይ ተስማሙ፤ መግጠሚያውን ጨምሮ። ገጣሚው ሲያድ ከአስር ሶላት በኋላ ይመጣል ተባለ። ቢላን የሁለት ዓመት ዋስትና ወረቀት ስትጽፍ አዴ ፋዱማ ጠጋ ብላ ጠየቀች። «ይሄ በር ይበሳል?» ቢላን እስክሪብቶዋን አነሳች። «ለምን ይበሳል? ከተበሳማ ዋስትናው የለም። ወረቀቱን እቀደዋለሁ።» አዴ ፋዱማ «ለነገሩ ነው» አለች። ሁዶ ቶሎ ብላ ወደ ቻርጀሮቹ ዞረች፤ ቻርጅ የሚደረግ ስልክ እንኳ የላትም።

ሲያድ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ መሰርሰሪያውን እንደ ጨቅላ ሕፃን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። አሮጌውን መቃን ነቅሎ አዲሱን ቦታው ላይ ሲያስጠጋ አልገባም። ደግሞ ሞከረ። ሁለት ጣት ይሰፋል። «ማነው የለካው?» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጨርቁን አወጣሁ፤ ቁጥሩ ልክ ነው። ያኔ ገባኝ። ሠላሳ ዓመት ልብስ ስለካ ለመስፊያ ሁለት ጣት መጨመር እጄ ለምዶታል፤ ለበሩም ጨምሬለታለሁ። «ለመስፊያ ነው» አልኩ። ሲያድ ለጥቂት ጊዜ አየኝ። «አባቴ፣ ይሄ በር እኮ አይታጠፍም» አለና መዶሻና መሮ አንስቶ ግድግዳውን መፈልፈል ጀመረ። ሁዶ በረንዳዋ ላይ ምድጃ እየለኮሰች ሳቋ ሰፈሩን ሞላው፤ «ጦልሃ፣ ኪስ አልጨመርክለትም?» አለችኝ። በእኔ ሁለት ጣት የተነሳ ሥራው አንድ ሰዓት ተኩል ተጨመረበት። የተነቀለው አሮጌ መዝጊያ በረንዳው ላይ ነበር፤ ሲያድ ሳያስብ ረግጦት ሲያልፍ ፈረሰ፣ ዱቄት ሆነ። የቀረው መዳፍ የምታህል ቁራጭ ናት።

መግሪብ ሊደርስ ሲል በሩ ቆመ። እውነት ለመናገር ያምራል። እጀታው ያበራል፤ ከውስጥ ወደ ታች ሲጫኑት ይከፈታል፤ ከውጭ ግን ያለ ቁልፍ አይከፈትም። ሉቅማን ሦስቱን ቁልፎች መዳፉ ላይ ዘርግቶ «አንዱ የኡሚ፣ አንዱ የኔ፣ አንዱ የኤዶ ሁዶ» አለ። ሁዶ ትኩስ ሳምቡሳ በሰሐን ለሲያድ ልታመጣ ወደ ምድጃዋ ሄዳለች። ሲያድ መዝጊያውን ገፋ አደረገው፤ ጥቅ ብሎ ተዘጋ። ውስጥ የቀረነው አዴ ፋዱማ፣ ሉቅማን፣ ሲያድና እኔ ነን። የመንገዱ ድምፅ ተቆርጦ ቀረ፤ ቤቱ የሌላ ሰው ቤት መሰለ። ከውጭ የሁዶ ነጠላ ጫማ ሸርተት ሸርተት ሲል ሰማን፤ መጣች፣ ቆመች። ቆማ ቆየች። እጇ ገመዱ የነበረበትን ቦታ ሲዳብስ ፕላስቲኩ ላይ ተሰማን። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እንደ እንግዳ፣ ሦስት ጊዜ አንኳኳች።

«ማነው?» አለች አዴ ፋዱማ።

ልማድ ነው፤ ለሚያንኳኳ ሁሉ የምትለው ነው። ከአፏ እንደወጣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከውጭ ሰሐኑን ከእጅ ወደ እጅ ስታዛውር ሳምቡሳው ሲንሸራተት ይሰማል። ቀጥሎ የሁዶ ድምፅ በበሩ አልፎ ገባ፤ ቀጭን ነው፣ የእሷ አይመስልም። «ምን ብዬ ልመልስ፣ ፋዱማ? ማነው ስባል ምን ልበል? ለዐብዲሰላምም ያኔ አንኳኪ ሲለኝ ይህንኑ ነው ያልኩት።»

እኔ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ሃያ ሰባት ዓመት መኪናዬ ውጦት የነበረው መልስ ይህ ነው።

አዴ ፋዱማ እጀታውን ያዘች፤ ወደ ላይ አለችው፣ ወደ ጎን አለችው፣ አልሆነላትም። ሉቅማን ከኋላዋ ደርሶ ከፈተው። ሁዶ ሰሐኗን ይዛ ቆማለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። «ዘይቱ ነው የጨሰብኝ» አለች ማንም ሳይጠይቃት። ሉቅማን ፈገግ ብሎ ሦስተኛውን ቁልፍ ዘረጋላት። «ኤዶ፣ ለዚህ ነው እንዴ? እንኪ፣ ይኸው ያንቺ።» ሁዶ ቁልፉን እንደ ጊንጥ አየችው። «አልይዝም። ቁልፍ አማና ነው፣ ከባድ አደራ። ነገ አንድ ማንኪያ ቢጠፋ ቁልፍ ያለው ማነው ይባላል። ደሞ የራሴን እንኳ ሁለት ጊዜ ዘይት ውስጥ ጥዬ ከሳምቡሳ ጋር ጠብሼዋለሁ።» ሲያድ መጀመሪያ ሳቀ፤ ሁዶ ግን ገና አልጨረሰችም፣ አንዴ የተከፈተ አፍ ነው። «ያን ቀን ወድቃ ባገኘኋት ጊዜ ቁልፍ ስፈልግ ብሆን ኖሮ…» አለችና ቆመች።

ሉቅማን እናቱን አየ። «መቼ ነው የወደቅሽው?» አዴ ፋዱማ ሰሐኑን ከሁዶ እጅ ተቀበለች። «ሳምቡሳው ይቀዘቅዛል፣ ብሉ» አለች። ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ትከሻዬ ላይ የተጣበቀ ክር አገኘሁና መልቀም ጀመርኩ። ወደ ሲያድ ዞረ፤ ምስኪን ሲያድ «እኔ ዛሬ ነው የመጣሁት» አለ። መጨረሻ ላይ እኔው ነገርኩት። ጅጅጋ የሄደበትን ሳምንት፣ የጓዳውን ደፍ፣ ስኳሩን፣ መኪናዬ መሮጡን ሳይቀር፤ ሳልቀንስ፣ ሳልጨምር። ሉቅማን እየሰማ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። አዴ ፋዱማ ከኋላው በሩን ተደግፋ ቆማለች፤ ፊቷ ሻንጣዋ ሲዘጋ የምታይ ሰው ፊት ነው። ሁዶ «ምላሴን ይቁረጠው» እያለች ለራሷ ታጉረመርማለች።

ሉቅማን እግሩ ሥር ካለው ዱቄት መሀል ያችን መዳፍ የምታህል ቁራጭ አነሳ። ጥቁር ናት፣ ታበራለች፣ መሀሏ ላይ ቀዳዳ አለ። በጥፍሩ መታት፤ እንደ ድንጋይ ጠጣር ናት። ወደ አፍንጫው አስጠጋት። «ሳምቡሳ፣ ሳምቡሳ ይላል» አለ። ሲያድም ተቀብሎ አሸተታት። «ምስጥ ዘይት አይወድም። ሌላውን ሁሉ ሲበላ ይችን የተዋት ለዚህ ነው» አለ፤ ከመጣ ጀምሮ የተናገረው ረጅሙ ነገር እሱ ነው። ሁዶ ደረቷን ነፋ አደረገች። «እና? ሰላሳ አምስት ዓመት ያለ ደሞዝ ስቀባው ነበር።» ሉቅማን መጀመሪያ በአፍንጫው ሳቀ፤ ከዚያ አመለጠው፤ ሳል እስኪይዘው ድረስ ሳቀ። አዴ ፋዱማ ሳቁን ስትሰማ ወደ ጓዳ ዞር አለች። እኔም መሬት መሬት አየሁ። ዐብዲሰላም ልጁ ውስጥ እንዲህ ጮክ ብሎ እንዳለ እስከዚያ ቀን አላወቅሁም።

ሉቅማን ዓይኑን ጠርጎ ተነሳ። እናቱን «ሳቢያን አልወስድሽም፤ ግን ስትታመሚ ከሁዶ ቀጥሎ እኔ ነኝ የምሰማው። ከጦልሃ በፊት» አላት። እሷም «እሺ» አለች፤ ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ የልጅ ድምፅ ሆነ። እሱም ወደ ሲያድ ዞሮ «ብሳው» አለ። ሲያድ ራሱን ነቀነቀ። «አልበሳም። ቢላን ብታውቅ ከሥራ እወጣለሁ። ዋስትናውም ይቀራል።» ሉቅማን የዋስትናውን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ አጠፈና ለሁዶ ሰጣት፤ ሁዶም ያለ ምንም ክፉ ሐሳብ ሁለት ሳምቡሳ ጠቅልላበት ለሲያድ ሰጠችው። ሲያድ ወረቀቱን አየ፣ ዘይቱ ፊርማው ድረስ ገብቷል። መሰርሰሪያውን አየ። ወደ ሰማይም አየ፤ የመግሪብ አዛን ሊጀምር ነው። «እኔ አልበሳም» አለ ደግሞ። «መሰርሰሪያዬ ግን ጠረጴዛው ላይ ነው። ሰው ጀርባውን ሲያዞር ዕቃውን ማን እንደሚነካ አያውቅም። ቀዳዳው ከእጀታው በታች አራት ጣት ይሁን፣ ያኔ ከውስጥ እጀታው ላይ የምታስሩት ገመድ ከውጭ ሲሳብ እጀታውን ወደ ታች ያወርደዋል። ያችን እንጨት በሁለት ብሎን ከላዩ ምቱበት፣ ገመዱ ፕላስቲኩን እንዳይበላው። ለመስፊያ ምንም አትጨምሩ።»

ይህን ብሎ ሲያድ ሳምቡሳውን ይዞ ወደ መንገዱ ዞሮ ተቀመጠ፤ ሉቅማን መሰርሰሪያውን አንስቶ ጨርሻለሁ እስኪለው ድረስም ላይዞር ተስማማ።